ዕውቀቱ በነፃ፣ ምስክርነቱ በዋጋ፦ ስለ ክፍት የኦንላይን ትምህርት ማወቅ ያለብን

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 585,882 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ብቻ ናቸው። ይህም 8.4 ከመቶ ነው። እንዲያም ሆኖ ውጤቱ ከቀደሙት ዓመታት የተሻለ ነበር። በ2014 ያለፉት 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 ከመቶ ነበሩ። ከመቶ ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት የዩኒቨርሲቲ በር በቀጥታ አልተከፈተላቸውም ማለት ነው። ከእነርሱ ከፊሎቹ የአቅም ማሻሻያ ወይም የ«ሪሜዲያል» ዕድል ቢያገኙም የሚበዙት ቤታቸው ቀርተዋል።

ይህ ቁጥር በጉለሌ ክፍለ ከተማም ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በእግሩ ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይደርሳል። ነገር ግን የበሩ ቅርበት ለመግባት ዋስትና አይሆንም። በአዲሱ ገበያ፣ በቀጨኔ ወይም በድል በር ያለ ቤተሰብ ልጁ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር «አሁን ምን ይሁን?» ብሎ ይጨነቃል። በዚህ መሃል ስልኩን የከፈተ ወጣት «ከቤትዎ ሳይወጡ ዲግሪ ይያዙ»፣ «በሦስት ወር ሰርተፊኬት» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይጎርፉለታል። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ ዕድል የያዙ አሉ። ገንዘብና ዕድሜ በልተው ባዶ እጅ የሚያስቀሩም አሉ። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ክፍት የኦንላይን ትምህርት ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች

ሰዎች «ኦንላይን ትምህርት» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራሉ።

የመጀመሪያው ክፍት የትምህርት ማቴሪያል ነው። ማንም ሰው ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ የሚያነበውና የሚያየው መጽሐፍ፣ የንግግር ቪዲዮ፣ የመልመጃ ጥያቄ ማለት ነው። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የኮርሶቹን ማስተማሪያዎች በኢንተርኔት ለዓለም በነፃ እንደሚያቀርብ ሲያስታውቅ ለዚህ አሠራር ትልቅ በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ካን አካዳሚም የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ከታች ክፍል ጀምሮ በነፃ ያቀርባል። በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ዕውቀት ይገኛል፤ ዲግሪ ግን የለም።

ሁለተኛው በመደበኛ ኮርስ መልክ የተዘጋጀ ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚከታተሉት የኦንላይን ኮርስ ነው። ኮርሴራና ኢድኤክስ የተባሉት ትልልቅ መድረኮች የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እዚህ ሳምንታዊ ትምህርት፣ ፈተናና የቤት ሥራ አለ። አንዳንዶቹን ኮርሶች በነፃ መከታተል ሲቻል ሰርተፊኬት የሚፈልግ ግን ይከፍላል። ሰርተፊኬቱ አንድን ኮርስ መጨረስን ብቻ የሚመሰክር ነው።

ሦስተኛው ሙሉ ዲግሪ በኦንላይን ወይም በርቀት ነው። እዚህ የመግቢያ መስፈርት፣ የዓመታት ትምህርት፣ የፈተና ሥርዓት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለተቋሙ ፈቃድ የሰጠ የመንግሥት አካል መኖር አለበት።

ጉዳት የሚደርሰው እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። የአንድ ኮርስ ሰርተፊኬት ይዞ ዲግሪ የያዘ የመሰለው ወጣት ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ይደነግጣል። በሌላ በኩል «ዲግሪ ካልሆነ ምን ይጠቅማል» ብሎ ነፃውን ዕውቀት የናቀም የሚከስረው ነገር ቀላል አይደለም።

ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

በር ሳይዘጋ፣ ዕድሜ ሳይገደብ፣ ክፍያ ሳይጠየቅ መማር ለኢትዮጵያ ሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ እንደ ዳና፣ ጋታና ጃማ ንጉሥ ባሉ የዒልም ማዕከላት ደረሶች ከየአቅጣጫው እየመጡ ይቀሩ ነበር። ደረሳው ነሕው ለመቅራት ወደ አንዱ ሸይኽ፣ ፊቅህ ለመቅራት ወደ ሌላው፣ ተፍሲር ለመቅራት ደግሞ ወደ ሦስተኛው ይጓዛል። የአካባቢው ሕዝብም ያለውን ያካፍለዋል። የመግቢያ ፈተናው ፍላጎትና ትዕግሥት ነበር።

ነገር ግን ያ ሥርዓት ክፍት በመሆኑ ልቅ አልነበረም። ኪታብ ያነበበ ሁሉ ዓሊም አይባልም። ደረሳው ኪታቡን ሸይኹ ፊት ቀርቶ፣ ሸይኹም መረዳቱን አረጋግጦ ኢጃዛ ሲሰጠው ነው ለሌላ ማስተላለፍ የሚችለው። ኢጃዛው ደግሞ ክብደት የሚኖረው ሰጪው ሸይኽ ራሱ ከማን እንደተቀበለ ሰንሰለቱ ሲታወቅ ነው። ዛሬ «እውቅና ያለው ተቋም» የምንለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለተማሪው የመሰከረው ማን ነው? ለመስካሪውስ ማን መሰከረለት?

አባቶቻችን ዒልም ፍለጋ ባሕር ተሻግረዋል። በካይሮው አል-አዝሀር ከአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ከጀበርት ምድር ከሄደ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ሪዋቅ ማለት የመስጂዱ ባለ ዓምድ መጠለያ ሲሆን ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነበር። ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ ለተመሠረተ አንድ የዐረብኛ የኦንላይን ኮርስ መድረክ ይኸው «ሪዋቅ» የሚለው ቃል ስሙ ሆኗል። በዮርዳኖስ የንግሥት ራኒያ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ያስጀመረው «ኢድራክ» የተባለ መድረክም በዐረብኛ ነፃ ኮርሶችን ይሰጣል።

ይህ ለመድረሳ ልጆች ትልቅ ትርጉም አለው። በኦንላይን የሚገኘው ትምህርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ያለው ገና ጥቂት ነው። ዓመታት ሙሉ ዐረብኛ የተማረ ልጅ ግን ይህን ቋንቋ ለኪታብ ብቻ የሚሆን አድርጎ ሊያየው አይገባም። በዚሁ ቋንቋ የኮምፒውተር፣ የንግድ ሥራና የሳይንስ ኮርሶች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

በአገራችን የተሄደበት መንገድ

ኢትዮጵያ ይህን ዓይነቱን ትምህርት የሞከረችው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ባንክ ድጋፍ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያም የግል ኮሌጆች በርቀት ትምህርት ብዙ ተማሪ ተቀበሉ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳም አዲስ አበባ ላይ ማዕከል ከፈተ።

የርቀት ትምህርት በፍጥነት ሲስፋፋ የጥራት ጥያቄ ተነሣ። በነሐሴ 2002 መንግሥት የርቀት ትምህርትን በአገር አቀፍ ደረጃ አገደ። እገዳው በኋላ ቢነሣም ትምህርቱ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ በር በሰፊው ተከፍቶ የሚያረጋግጥ አካል ሲላላ በመጨረሻ የሚጎዳው ገንዘቡን ከፍሎ የተመዘገበው ተማሪ ነው።

በመጋቢት 2012 የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ፈጦ ወጣ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ከመምህሩ ጋር ሲገናኝ፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር የገባው ተማሪ ወራትን ያለ ትምህርት አሳለፈ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾን ከተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር «ኢ-ሺ» የተባለ ፕሮጀክት ጀምሯል። ዓላማውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በኦንላይን ማስተማርን እንዲሠለጥኑና ኮርሶች በዲጂታል መልክ እንዲዘጋጁ ማድረግ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያልገቡትም የሚጠቀሙባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 የተጀመረው «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማትና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ኮርሶችን በነፃ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ሲሆን ለጨረሰ ሰርተፊኬት ያስገኛል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት በሆነ የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጻፏቸው በርካታ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ስለ ሙስሊሞች ታሪክ፣ ስለ ወሎ የዒልም ማዕከላት ወይም ስለ አካባቢው ኑሮ የተጠና ነገር የሚፈልግ ሰው የግቢ መታወቂያ ሳይኖረው ከቤቱ ሆኖ ማንበብ ይችላል።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚመረምረውም፣ ማለትም የአቻ ግምት የሚሰጠውም፣ ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ለማንኛውም የኦንላይን ወይም የርቀት ዲግሪ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

ተቋሙ ፈቃድ አለው? ፈቃዱ ለዚህ ትምህርት ዘርፍና ለዚህ አሰጣጥ ነው? አንድ ኮሌጅ በመደበኛ ለማስተማር ፈቃድ ማግኘቱ ያንኑ ትምህርት በኦንላይን ወይም በርቀት ለመስጠት ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ከማየት ይልቅ ባለሥልጣኑን ራሱን መጠየቅ ይሻላል።

የመግቢያ መስፈርቱ ምንድን ነው? የ12ኛ ክፍል ውጤት ሳይጠየቅ «ግቡ ብቻ» የሚል የዲግሪ ማስታወቂያ ሲመጣ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

የመውጫ ፈተናውስ? ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ተማሪ ለመመረቅ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ክፍያ ተቀብሎ ለፈተናው የማያዘጋጅ ተቋም ተማሪውን ከሜዳ አይለየውም።

የውጭ ተቋም ከሆነ ደግሞ እውቅናውን የሰጠው የየትኛው አገር አካል ነው? ለምሳሌ በዶክተር ቢላል ፊሊፕስ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞ ስሙ ኢስላሚክ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ፣ መቀመጫው ጋምቢያ ሲሆን እውቅናውም ከዚያው አገር ነው። ከኢስላማዊ ትምህርት ሌላ እንደ ሳይኮሎጂና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ያሉ ዘርፎችንም ያስተምራል። እዚያ ለመማር የሚያስብ ሰው ዓላማውን ለራሱ ግልጽ ያድርግ። ዲኑን ጠንቅቆ ለማወቅ ከሆነ የሚማረው ነገር በራሱ ይበቃዋል። በዲግሪው ኢትዮጵያ ውስጥ ለመቀጠር ከሆነ ግን የአቻ ግምቱን ጉዳይ ከመመዝገቡ በፊት ከባለሥልጣኑ አረጋግጦ መነሣት አለበት። አራት ዓመት ከተማሩ በኋላ መጠየቅ ሐዘኑን ያበዛዋል።

የሚጀምረው ብዙ፣ የሚጨርሰው ጥቂት

ስለ ነፃ የኦንላይን ኮርሶች ብዙ ጊዜ የማይነገር እውነት አለ። የኤም አይ ቲ እና የሃርቫርድ የኦንላይን ኮርሶችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከተመዘገቡት ውስጥ ኮርሱን የጨረሱት 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ለሰርተፊኬት ከከፈሉት መካከል ግን 46 ከመቶ ያህሉ ጨርሰዋል። ገንዘብ ያወጣ ሰው ያወጣውን ያስባል፤ ከመጀመሪያውም ለመጨረስ ቆርጦ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በነፃ የገባው ግን የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ አንድ ሳምንት ሲያመልጠው በዚያው ይቀራል።

መፍትሔው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ደረሳው በሸይኹ ፊት ከሌሎች ደረሶች ጋር የሚቀራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐለቃ የቀረን ሰው ይጠይቃል፣ የደከመን ያበረታል። አራት አምስት ሆነው አንድ ኮርስ በአንድ ቀን የሚጀምሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው የተማሩትን የሚጠያየቁ ወጣቶች ለብቻው ስልኩ ላይ ካፈጠጠው ይልቅ የመዝለቅ ዕድላቸው ሰፊ ነው። የሰፈር ጀመዓዎችና የመስጂድ ኮሚቴዎችም እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ መሥራት ይችላሉ። ከመድረሳው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች፣ አንድ የጋራ የዋይፋይ መስመርና ከሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ካሉ ማዕከል ማለት ይኸው ነው። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ እንደ ሰደቀቱል ጃሪያ ቢታሰብ ከልክ ያለፈ አይሆንም።

ኢንተርኔት ውድ ለሆነበትም ዘዴ አለ። ቪዲዮን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዶ ቤት ውስጥ ማየት ዳታ ይቆጥባል። «ኪዊክስ» የተባለው ነፃ መተግበሪያ ሙሉ ዊኪፒዲያን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። በታኅሣሥ 2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከጉለሌ ሩቅ አይደለም።

ኦንላይን የማይተካው

በጉለሌ ያለውን የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እንውሰድ። የሕክምና ተማሪ የሰውነትን አሠራር በቪዲዮ ሊያጠና ይችላል፤ የታማሚን ሆድ መዳሰስና የልብ ምት ማዳመጥ ግን አልጋው አጠገብ ካልቆመ አይማረውም። የኤሌክትሪክ፣ የቤተ ሙከራና የነርሲንግ ሙያም እንዲሁ ነው። እነዚህን ሙሉ በሙሉ በስክሪን እናስተምራለን የሚል ሲመጣ መጠራጠር ተገቢ ነው።

ሌላው ጉዳይ የእህቶቻችን ነው። የኦንላይን ትምህርት ልጅ ለያዘች እናት፣ ርቆ ማደር ለማይመቻት፣ ቤተሰብ ለምታስተዳድር እህት ትልቅ እፎይታ ነው። ከቤቷ ሳትወጣ፣ በሚመቻት ሰዓት፣ ሒጃቧን እንደለበሰች ትማራለች። ይህን ጸጋ ግን በተሳሳተ ቦታ እንዳናውለው መጠንቀቅ አለብን። በ2017 የትምህርት ዘመን በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ የተነሣው ጥያቄ በክፍል ውስጥ የመማር መብት ነበር። ለእንዲህ ያለው በደል «ቤትሽ ሆነሽ በኦንላይን ተማሪ» የሚል መልስ መስጠት መብቷን መንጠቅ ነው። ቤተሰብም ውጤት ያመጣችለትን ልጅ «ኦንላይን አለ» ብሎ ከግቢ ማስቀረት የለበትም። ኦንላይን አማራጭ ላጣ ሰው በር ነው፤ በር ለተከፈተላት ልጅ ግን መዝጊያ መሆን የለበትም።

ከየት ይጀመር?

ውጤት ያልመጣለት ልጅ ያለው ቤተሰብ በመጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ለልቅሶ አይስጠው። ልጁ እንደገና ለመፈተን ወይም ሪሜዲያል ለመማር የሚችል ከሆነ ነፃ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ለዚያ ዝግጅት ይጠቀምባቸው። ከጎኑም አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የሙያ ኮርስ ይያዝ። አምስት ጀምሮ ከመተው አንዱን መጨረስ ይበልጣል። የተማረውንም በሥራ ያሳይ፦ የሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ያዘጋጀው የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ የተረጎመው ጽሑፍ ለቀጣሪ ከወረቀት በላይ ይናገራል። ኦንላይን ዲግሪ የሚለውን ሐሳብ ግን ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ያቆየው።

ለነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ ነው። የዛሬ ወጣት የሚነበበው ነገር በእጁ መዳፍ ላይ ሞልቶ ተቀምጦለታል። የጎደለው ምን እንደሚማር የሚያመለክተው፣ ሲደክም የሚያበረታውና የተማረውን የሚመሰክርለት ሰው ነው። ይህን ጎደሎ መሙላት ደግሞ የቤተሰብ፣ የጀመዓና የሁላችንም ድርሻ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።